መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? የዓሣ ገንዳ ፊልተር ስለመምረጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የማወራችሁ ሳሎኔ ውስጥ ስላለው የዓሣ ገንዳ፣ በተለይ ስለ ፊልተሩ ነው። ከጀርባዬ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ላጠፋው እችል ነበር፤ ግን እያማሁት ዝም ማሰኘቱ ነውር መሰለኝ።

ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓሣዎቹን ካደነቀ በኋላ «ያ ጥቁር ስፖንጅ ምንድነው?» ይላል። ፊልተር ነው ስል ፊቱ ላይ «አይ፣ አቅም አጥሯት ነው» የሚል ነገር አነባለሁ። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። የመረጥኩት ግን በርካሽነቱ አይደለም።

ብዙዎቻችን ፊልተርን የምናስበው እንደ ወንፊት ነው። ቆሻሻውን ይይዛል፣ ውሃው ይጠራል፣ አለቀ። መያዙንስ ይይዛል። ነገር ግን ዓሣ የሚገድለው በዓይን የሚታየው ቆሻሻ አይደለም። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ቀለም የለውም፤ ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ዓሣ ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

ከዚህ የሚያድኑን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ እሱ በብዛት ካልተጠራቀመ በስተቀር ያን ያህል አይጎዳም፣ ውሃ ስንቀይር አብሮ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚጣበቁበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ ስፖንጅ፣ ሴራሚክ፣ ጠጠር፣ ብቻ ቀዳዳ የበዛበት ነገር። አዲስ ገንዳ ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ። ዛሬ ገዝቶ ዛሬ አሥር ዓሣ መጨመር የማይሆነው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ናይትራይት የመቀየር ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር የሚባለው ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ጨዋማ ባልሆነ ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ሥራው የሌላ ባክቴሪያ፣ የናይትሮስፒራ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን ጠቅልሎ የሚሠራ የናይትሮስፒራ ዓይነት መኖሩ ታወቀ፤ አንደኛው የተገኘው ከዓሣ እርባታ ፊልተር ውስጥ ነው። ሰው ከፊልተሩ ላይ «ጭቃ» ብሎ የሚያጥበው ነገር ማለት ነው እንግዲህ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ባክቴሪያዎቹ ይተነፍሳሉ፣ ያውም ብዙ። በአሞኒያ ውስጥ ያለውን አንድ ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለማድረስ አራት ግራም ተኩል ያህል ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ ፊልተሩና ዓሣዎቹ አንዱን ኦክስጅን ነው የሚሻሙት። አሁን አዲስ አበባ የት እንዳለች አስቡ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፈን ነው የተቀመጥነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 7 ያህል ቢይዝ ነው። የውጭ ሰዎች የሚሠሯቸውን ቪዲዮዎች እያየን የምንገዛው ዕቃ ይህን ሒሳብ አያውቅም። ሮጠን ባናውቅ እንኳ እንጦጦን በእግር የወጣን ሰዎች እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ነገር መብራት ነው። እኔ ማንኛውንም ፊልተር ሳይ የምጠይቀው «መብራት ሲሄድ ምን ትሆናለህ?» ብዬ ነው።

ካኒስተር የሚባለውን እንውሰድ። ከገንዳው በታች ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዝግ ዕቃ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ኃይለኛ፣ ብዙ ባክቴሪያ የሚይዝ። በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ዝግ ነው። ውሃው መዞር ሲያቆም ውስጡ ያለው ኦክስጅን ብዙም ሳይቆይ ያልቃል፣ ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ፣ የተጠራቀመው ቆሻሻም ይበሰብሳል። መብራቱ በሌሊት መጥቶ ሞተሩ ሲነሳ ያን የሸተተ ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሣዎቹ ይገፋዋል። ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ከፍቶ ማጠብ ግድ ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለስ?

ገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ይሻላል። ሆኖም የገንዳው ውሃ በትነት ዝቅ ብሎ ከነበረ፣ መብራት ሲመለስ ውሃ መሳብ ያቅተውና ሞተሩ በደረቁ ይንጫጫል።

ስፖንጁስ? ሞተር የለውም። በቀጭን ቱቦ አየር ይገባለታል፣ አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ በምትኩ ሌላ ውሃ በስፖንጁ ውስጥ አልፎ ይገባል። አረፋው የውሃውን ገጽ ስለሚያናውጠው ኦክስጅን ከላይ ይገባል። መብራት ሲሄድ ስፖንጁ እዚያው ዓሣዎቹ ያሉበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ይጎዳሉ እንጂ ታፍነው አያልቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከስልክ ፓወር ባንክ ጋር ካገናኛችሁት ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ካኒስተርን በፓወር ባንክ ሞክሩት እስቲ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የአየር ፓምፑን ከውሃው ደረጃ በታች ካስቀመጣችሁት፣ መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ሊያበላሽ፣ ወለሉንም ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ወይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ወይ ቱቦው ላይ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቼክ ቫልቭ ግጠሙ።

እናቴ መጥታ «ልጄ፣ ይህን ስፖንጅ በሳሙና ፈትገሽ አታጥቢውም? ጭቃ ሆኗል እኮ!» ትለኛለች። እማዬ፣ ዓሣዎቹን በሕይወት ያቆየው እሱ ነው እላታለሁ፤ አታምነኝም። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ። በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ሁለት ስፖንጅ ካላችሁ ደግሞ በፈረቃ እጠቧቸው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አትንኩ።

ስፖንጅ ጉድለት የለውም አልልም። ሲያዩት አያምርም፣ ይጮኻል፣ ደቃቁን አቧራ ሁሉ አይዝም። ከ200 ሊትር በላይ የሆነ፣ ትልልቅ ጎልድፊሽ የሞላበት ገንዳ ካላችሁና ቤታችሁ መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ኢንቨርተር ካለ፣ ካኒስተሩን ግዙ፤ አንድ ስፖንጅ ግን ለመጠባበቂያ ገንዳው ጥግ ላይ ይቀመጥ። የኔ ገንዳ ያን ያህል ስላልሆነ በያዝኩት እቀጥላለሁ።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ውሃ ቅየራ አወራለሁ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ውስጥ ተከድኖ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ለቆታል ማለት ነው ወይ የሚለውን ጭምር። ቸር እንሰንብት።