በገዛ ፈቃዱ ገበያውን ያጠበበ ክለብ፦ አትሌቲክ ቢልባዎ ተጫዋቾቹን እንዴት ይመርጣል፣ ያሳድጋል፣ ያቆያል?

(ምስል፦ የክለቡ ሜዳ ሳን ማሜስ ስታዲየም ከላይ ሲታይ)

አንድ ትልቅ የአውሮፓ ክለብ ዋና ግብ ጠባቂውን በዝውውር ሲያጣ ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ መልማዮቹ ከደቡብ አሜሪካ እስከ እስያ ሲከታተሏቸው ከቆዩት መካከል አንዱን መርጦ ይገዛል። የስፔኑ አትሌቲክ ቢልባዎ ግን ይህን አያደርግም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 የተመሠረተው ይህ ክለብ የሚያሰልፈው በባስክ ምድር የተወለዱ ወይም በዚያው አካባቢ ክለቦች ኳስ ተምረው ያደጉ ተጫዋቾችን ብቻ ነው። የባስክ ምድር የሚባለው በስፔን አራት፣ በፈረንሳይ ሦስት ግዛቶችን ሲይዝ የነዋሪው ቁጥር ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ የስፔን ሊግ በ1929 ከተጀመረ አንስቶ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወርደው የማያውቁት ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎናና ይኸው አትሌቲክ ብቻ ናቸው።

ብዙዎች ክለቡ የዘር ሐረግ የሚቆጥር ይመስላቸዋል። ዛሬ ግን ዋናው ጥያቄ ልጁ የት ተወለደ፣ ኳስስ የት ተማረ የሚል ነው። የአጥቂው ኢኛኪ ዊሊያምስ ወላጆች የሰሃራን በረሃ አቋርጠው ስፔን የገቡ ጋናውያን ናቸው፤ እርሱ ግን በ1994 እዚያው ቢልባዎ ተወልዶ፣ በፓምፕሎና አድጎ፣ በ2012 አትሌቲክን ተቀላቀለ።

(ምስል፦ የባስክ ምድር ካርታ፤ ኦንዳሮዋ ላይ ምልክት)

የአትሌቲክ መልማዮች ከሁሉም በላይ የሚፈሩት መጥፎ ተጫዋች መውሰድን ሳይሆን ጥሩውን ማሳለፍን ነው፤ ሌላ ክለብ አንድን ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ በማሰናበት የሠራውን ስህተት በቀጣዩ ክረምት ግዢ ሊሸፍነው ይችላል፣ አትሌቲክ ግን ምትክ የሚያገኝበት ገበያ በጣም ጠባብ ነው። ኦንዳሮዋ የምትባለው ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ይህን በደንብ ታሳያለች። ግብ ጠባቂው ኬፓ አሪዛባላጋም ሆነ ተከላካዩ ኢኚጎ ማርቲኔዝ የተወለዱት እዚያ ነው። ኬፓ በአትሌቲክ አካዳሚ አደገ፤ ኢኚጎ ግን ያደገው በጎረቤቱ ሪያል ሶሲዬዳድ በመሆኑ፣ በ2018 እርሱን ለማምጣት አትሌቲክ 32 ሚሊዮን ዩሮ መክፈል ግድ ሆነበት። ከቢልባዎ ብዙም ከማትርቅ ከተማ ለተገኘ ልጅ ይህ ውድ ዋጋ ነው።

የተመረጡት ታዳጊዎች የሚሠለጥኑት ከ1971 ጀምሮ በሚያገለግለው የሌዛማ ማዕከል ነው። ከታዳጊዎቹ ቡድኖች በኋላ ባስኮኒያ፣ ከዚያም ቢልባዎ አትሌቲክ የሚባሉ ቡድኖች አሉ፤ ሁለቱም ከአዋቂዎች ጋር በእውነተኛ ሊግ ስለሚወዳደሩ ወጣቱ ነጥብ የሚያስጥል ስህተት ምን እንደሚያስከትል የሚማረው እዚያ ነው። ኢኛኪ ዊሊያምስ በሁለቱም አልፎ በታኅሣሥ 2014 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ከ2016 እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ 251 የላሊጋ ጨዋታዎችን አንድም ሳያመልጠው ተጫውቷል፤ ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው።

(ምስል፦ የውል ሰነድ ላይ ፊርማ)

ከባዱ ሥራ ግን ያደገውን ማቆየት ነው። በስፔን በ1985 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ተጫዋች ካሣ ከፍሎ ውሉን በራሱ ማፍረስ ይችላል፤ ስለዚህ ክለቦች የማፍረሻውን መጠን አስቀድመው በውሉ ያሰፍራሉ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላም ክለቡ “አልሸጥም” የማለት ዕድል የለውም። በጥር 2018 ማንቸስተር ሲቲ በ65 ሚሊዮን ዩሮ ተከላካዩን አይሜሪክ ላፖርትን ወሰደ። በነሐሴ ወር ደግሞ ቼልሲ ለኬፓ 80 ሚሊዮን ዩሮ ሲከፍል በወቅቱ ለግብ ጠባቂ የተከፈለ ከፍተኛ ዋጋ ሆነ። በዚህ ገንዘብ ከዓለም ገበያ ምንም መግዛት ለማይችል ክለብ ይህ እንግዳ ሀብት ነው። ኬፓን የተካው የራሱ ልጅ ኡናይ ሲሞን ነው፤ ለኤልቼ በውሰት ተሰጥቶ ነበርና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠርቶ ጓንቱን ተረከበ። በ2024 ከስፔን ብሔራዊ ቡድን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን አነሣ።

እንግዲህ ገንዘቡ ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ያሉትን ተጫዋቾች ማቆያ ደመወዝ ነው፤ በ2019 ኢኛኪ እስከ 2028 የሚዘልቅ የዘጠኝ ዓመት ውል መፈረሙ ከዚህ ስሌት የመጣ ነው። የሄደውንም ልጅ በር አይዘጉበትም። አጥቂው አሪትዝ አዱሪዝ ከአትሌቲክ ደጋግሞ ወጥቶ በ2012 በ31 ዓመቱ ሲመለስ በሌላ ክለብ ዓይን ያረጀ ግዢ ነበር፤ በ2016 ግን በዩሮፓ ሊግ ጌንክ ላይ በአንድ ጨዋታ አምስት ግብ አስቆጠረ።

ነገሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጎረቤት ክለቦች አትሌቲክ ልጆቻችንን ይነጥቀናል እያሉ ያማርራሉ፤ ክለቡም ከ1984 በኋላ የስፔኑን የንጉሥ ዋንጫ (ኮፓ ዴል ሬይ) ለማግኘት 40 ዓመት ጠብቋል። በሚያዝያ 2024 ማዮርካን በመለያ ምት አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ የኢኛኪ ታናሽ ወንድም ኒኮ ዊሊያምስም በቡድኑ ውስጥ ነበር። እርሱም የሌዛማ ልጅ የሆነው ይኸው ኒኮ በዚያው ዓመት በበርሊን የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ላይ ግብ አስቆጥሮ ባርሴሎና ሲፈልገው ቆየ። በሐምሌ 2025 ግን የማፍረሻ ክፍያው ከግማሽ በላይ ከፍ ተደርጎ እስከ 2035 የሚቆይ ውል ፈረመ፤ ውሉ ሲያልቅ ዕድሜው ወደ 33 ዓመት ይጠጋል።