ሃያ ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከበስተጀርባ የሚሰማው ዝናብ ነው፤ ጣራችን ቆርቆሮ ስለሆነ ታገሡኝ። ጅማ ተቀምጦ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ፖድካስት መቅዳት አይችልም። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አዲሱ ሥራዬ ላወራችሁ ነው።

በአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት፣ እዚሁ ጅማ ባለው ቅርንጫፍ ተቀጥሬአለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ አፉን ሰብሰብ ማድረግ ይበጀዋል። ውሌ ላይ የተጻፈው መደብ «የጥቅል ዕቃ ሠራተኛ» ይላል። ሰፈራችን ግን ለዚህ ሥራ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ጫኝና አውራጅ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። አክስቴ «ዲግሪ ይዘሽ?» አለች። እናቴ ዲግሪውን አላነሳችም፤ «ወገብሽስ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እናቴ ዕድሜዋን በቡና መጋዘን በለቀማ ያሳለፈች፣ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ስለ ወገብ ስትናገር የሚከራከራት የለም።

መኪናው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሌሊት ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ቆላ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ እኛ ደጋ ይወጣል። ሲደርስ ገና አልነጋም። በሩ እንደተከፈተ የካርቶንና የጎማ ሽታ ይወጣል፣ ቀጥሎ ማውረድ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ቁጥሩ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ የከተማው ለብቻ፣ የአጋሮና የበደሌው ለብቻ፣ የቦንጋና የሚዛኑ ለብቻ ይደረደራል። ፀሐይ ስትወጣ ሌሎቹ መኪኖች መነሳት አለባቸው። የመጫኛ ሕጉ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ፣ መጨረሻ የሚወርደው ደግሞ መጀመሪያ ይገባል። የሚዛኑ ዕቃ ወደ ጥልቁ ካልገባ ሾፌሩ ቦንጋ ላይ ግማሹን ጭነት አስፋልት ላይ ዘርግቶ ሊፈልግ ነው።

ማንሳት ያስተማረኝ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። የመጀመሪያ ትምህርቱ በእጅ የሚሠራ አልነበረም። «ከማንሳትሽ በፊት በእግርሽ ገፋ አድርጊው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ እንደ መጠን የሚዋሽ ነገር የለም። ቁመቴን የሚያህል ካርቶን ውስጡ ትራስ ሆኖ ይገኛል። የጫማ ካርቶን የምታክለው ደግሞ የባጃጅ መለዋወጫ ታጭቆባት ክንድ ትገነጥላለች። ገፋ አድርገሽ ካልተንቀሳቀሰ ጉልበትሽን አጥፈሽ ትወርጃለሽ፣ ዕቃውን ሆድሽ ላይ ታስጠጊያለሽ፣ በእግርሽ ኃይል ትነሻለሽ። ስትዞሪም እግርሽን ታዞሪያለሽ እንጂ ወገብሽን አትጠመዝዢም። ይህን ለእናቴ ሳሳያት ዝም ብላ ተመለከተችና ሳጥን ከፍታ መቀነቷን አወጣች። አሁን ከሸሚዜ ሥር ጠበቅ አድርጌ ታጥቄው ነው የምሠራው። ድርጅቱ ቀበቶ ቢሰጠኝም እሱን አልለውጠውም።

ስለ ላኪዎች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። ሁሉም ሰው ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ» ብሎ ይጽፋል። ብርድ ልብስ ላይ «ተሰባሪ» ተጽፎ አይቻለሁ። አልጋ ልብስ ላይም እንዲሁ። ጽሑፉ ሁሉም ላይ ሲኖር ዓይን ማየቱን ይተዋል፤ ብርጭቆ የላከውም ሰው አብሮ ይጎዳል። የማሩ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጅማ ሆናችሁ ለአዲስ አበባ ዘመድ ማር የማይልክ ማን አለ? ቢጫ ጀሪካን እስከ አፉ ይሞላል፣ ክዳኑ ላይ ፌስታል ይደረግበታል፣ በሲባጎ ይታሰራል፤ አለቀ። ጊቤ ላይ ሙቀቱ ማሩን ያቀጥነዋል፣ ከክዳኑ ሥር ያመልጣል፣ ከጎኑ ያለው የሰው ልብስ ሁሉ ማር ይሆናል። እባካችሁ ከላይ አራት ጣት ያህል አጉድሉ። ፌስታሉን ከክዳኑ ውጪ ሳይሆን ከክዳኑ ሥር አድርጉትና አጥብቃችሁ ክደኑ፣ በፕላስተር ዙሩበት፣ ከዚያ ቆሞ እንዲሄድ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ኮረሪማ የሚልኩ ሰዎችን ግን እወዳቸዋለሁ። መጋዘኑን በሙሉ ያውዱታል።

አድራሻ ሌላው ነው። «ፈረንጅ አራዳ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር»። «ኮቺ፣ ሲደርሱ ይደውሉ»። ፖስታ አገራችን የገባው በ1886 ዓ.ም. ነው፣ ግን ደብዳቤያችንን ፖስታ ቤት ሄደን ከሣጥን ነው ስናወጣ የኖርነው፤ ቤታችን ዕቃ የመቀበል ልምድ የለውም። ስለዚህ ትክክለኛው አድራሻ ስልክ ቁጥሩ ነው። እሱ ላይ አንድ አኃዝ ከጠፋ ጥቅሉ መደርደሪያችን ላይ ይከርማል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ችግር የለብኝም፤ እነሱ በሁለተኛው ሳምንት ለምደውኛል። ያልለመዱኝ ዕቃ ሊወስዱ የሚመጡት ናቸው። ካርቶን ስይዝ ሲያዩ ይደነግጣሉ። «ተይ፣ ተይ እህቴ፣ እኔ ላንሳው!» ብለው ከእጄ ይነጥቁኛል፤ ብዙዎቹ ደግሞ በተጣመመ ወገብ ነው የሚያነሱት። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ አመሰግናለሁም። አንድ ቀን ግን አንድ ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ጥቅሉን አቅፌ ቆሜ፣ አሻግሮ ወደ ውስጥ እያየ «ሰው የለም እንዴ?» አለ።

ያ ካርቶን ሚዛን ላይ ሃያ ኪሎ ነበር። አንድ ጀሪካን ውኃም ሃያ ሊትር ነው፣ ሃያ ኪሎ ማለት ነው። ሰፈራችን ቧንቧው ሲቋረጥ ያንን ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገት የሚወጡት እነማን ናቸው? እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸከም «ተይ እኔ ላንሳው» ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። የማገዶ እንጨት ተሸክማ ከገጠር ወደ ገበያ የምትገባዋን ሴት ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋታል። የጅማ ንግድ ራሱ በሸክም የቆመ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን የሒርማታ ገበያ ከየአገሩ ነጋዴ ይጎርፍበት ነበር፤ ስለ ሲራራ ነጋዴውና ስለ በቅሎው ሲነገር ሰምተን አድገናል፣ ቅቤውንና እህሉን አዝላ ገበያ ስላደረሰችው ሴት ግን የሚያወራ የለም። እና እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየውን ያስደነገጠው ሃያ ኪሎው አይደለም። ሴት ሃያ ኪሎ ተሸክማ ደመወዝ ስትቀበል አይቶ አያውቅም።

ደመወዝ ካነሳሁ አይቀር፣ ወደዚህ ሥራ ልትገቡ የምታስቡ ካላችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የተሠራው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። መኪናው ጊቤ ላይ ጎማ ሲፈነዳበት እኛ የምንቆየው በዚያ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለጡረታ ከእኔ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ለእናቴ ሳነብላት ጡረታው ላይ አስቆመችኝና አስደገመችኝ። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ እሷ ለቀማ ላይ ነበረች፤ የቀን ሠራተኛ ስለነበረች ግን ስሟ የትም አልተመዘገበም። «ሰባቱን አይደለም፣ አሥራ አንዱን ተከታተይ» አለችኝ። «የራስሽንማ ቆርጠውታል፤ የእነሱ መግባቱን በምን ታውቂያለሽ?» በማግሥቱ ሒሳብ ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። ገብቷል።

የቀረኝ የጓንት ጉዳይ ነው። የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ ጠየቅኩ፣ ሳይቆይም መጣ፤ ልኩ ግን የጋሼ እጅ ነው። ጣቱ ጫፍ ላይ ባዶ ስለሚሆን ካርቶን ያስመልጣል፣ ስለዚህ አውልቄ በባዶ እጄ እየሠራሁ ነው፤ ሲባጎው መዳፌን ይልጠዋል። ለኃላፊው አነስ ያለ ቁጥር እንዲገዛ ነግሬዋለሁ። «ሌላ ሴት ስትቀጠር አብረን እንገዛለን» አለኝ። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ማመልከት የምትፈልግ ካለች፣ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል።