ቀን አንቀንስ፦ ስለ ራስ ደጀን ጉዟችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን።

እንኳን ለዓመታዊ ጉባዔያችን በሰላም መጣችሁ። ሌሊት ተነስታችሁ አውቶቡስ የተሳፈራችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። የሒሳቡን ሪፖርት ሒሳብ ሹማችን ስለሚያቀርቡ የእሳቸውን ሥራ አልሻማም። እኔ የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስለ ራስ ደጀን።

እንደምታውቁት ትልቁ የዓመቱ ጉዟችን ወደ ስሜን ተራሮች ነው። ሥራ አስፈጻሚው ፊት ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ከጎንደር በመኪና ጨነቅ የተባለው የድንኳን ማደሪያ ድረስ መግባት፣ በሁለተኛው ቀን ከራስ ደጀን ሥር አምቢቆ ማደር፣ በሦስተኛው ቀን ጫፍ ላይ መቆም፣ በአራተኛው ቀን መመለስ የሚል ነው። ሁለተኛው ከደባርቅ ወጣ ብለን በእግር እንጀምር፣ ከጨነቅ በፊት ባሉት ማደሪያዎች፣ በሳንቃ በርና በግጭ እናድር፣ አንድ የእረፍት ቀን እንጨምርና ሳምንት እንስጠው ይላል። የመጀመሪያው ብዙ ደጋፊ አለው። ይገባኛል። ከአለቃ ፈቃድ ማውጣት ራሱን የቻለ ተራራ ነው። ወጪውም ይቀንሳል። እኔ ግን የሁለተኛው ሐሳብ ደጋፊ ነኝ። ሊቀመንበር ገለልተኛ መሆን አለበት የምትሉ ካላችሁ፣ ድምፅ ሲቆጠር እሆናለሁ።

ትምህርት ቤት ሳለን የራስ ደጀንን ከፍታ 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደናል። አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ሜትር ነው። ቁጥሩ ቢቀንስም ለሳንባችን ያተረፈለት ነገር የለም። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

«እኛ እኮ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ ከፍታ ለምደናል» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እውነትነት አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ይመለሳል። ጨዋታው ግን «ይመለሳል» የሚለው ላይ ነው። ወጥቶ መመለስ ሌላ፣ እዚያው ማደር ሌላ። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ምግብ አልበላ ማለቱ የሚጀምረው ከደረስን ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሌሊቱን ይብሳል። ደግሞስ ሁላችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን እንዴ? ከድሬዳዋ የሚመጡ አባላት አሉን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። አዳማና ባሕር ዳርም ከ2,000 በታች ናቸው። የድሬን ልጅ ከአውሮፕላን አውርዶ በማግስቱ ጨነቅ ላይ፣ 3,600 ሜትር አልፎ ድንኳን ውስጥ ማስተኛት በሰው ጤና መቀለድ ነው።

የተራራ ሐኪሞች ምክር ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በኋላ የምታድሩበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስትና በየአራት ቀኑ አንድ ቀን አርፉ። አሁን የእኛን መንገድ ተመልከቱ። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር አካባቢ፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። ተራራው ራሱ ደረጃውን ሠርቶ አስቀምጦልናል። በመኪና ዘልለን የምናልፈው ይህንን ደረጃ ነው።

የምናልፈው ደግሞ ደረጃውን ብቻ አይደለም። የጅንባርን ፏፏቴ፣ የግጭን ሜዳ ከነጅብራው፣ ከዚያ ረጅም የደጋ ተክል ጋር፣ የእመት ጎጎን የገደል አናት እናጣለን። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፤ ከዚያ ቆሞ ወደ ቆላው ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ያውቃል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። ለዚህ ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሰው ቤቱን የለቀቀለትን ሜዳ በመኪና መስኮት አይቶ ማለፍ ለእኔ ደስ አይልም። ይህ የግል ስሜቴ ነው፣ በቃለ ጉባዔ አይያዝ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ራስ ደጀን ሲወራ ሁሉም የሚያስበው ስለ ጫፉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መሸሃ ነው። ከጨነቅ ተነስተን መጀመሪያ የብዋሂትን መተላለፊያ፣ ወደ 4,200 ሜትር እንወጣለን። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ወደ 2,800 እንወርዳለን። ቁልቁል 1,400 ሜትር! ከወንዙ ተነስተን ደግሞ አምቢቆ፣ 3,200 ላይ እናድራለን። በማግስቱ ጫፍ ደርሶ አምቢቆ መመለስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ከጨነቅ በተነሳን በሦስተኛው ቀን ጉልበታችን አልቆ ያንኑ 1,400 ሜትር ወደ ላይ እንወጣዋለን። ጫፉን ካየን በኋላ፣ ፎቶውን ከተነሳን በኋላ፣ «አለቀ» ካልን በኋላ። የአራት ቀኑ ዕቅድ ያንን አቀበት ጨርሰን በዚያው ዕለት መኪና እንድንሳፈር ይፈልጋል። በሰባት ቀኑ ግን የእረፍቱ ቀን ከጫፉ ማግስት አምቢቆ ላይ እንዲውል ማድረግ እንችላለን። እግር ይታጠባል፣ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በቅሎዎቹም ያርፋሉ።

ስለዚያ ቁልቁለት አንድ ነገር ልጨምር። ጥፍራችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ከርክሙ። ብዋሂት አናት ላይ ስትደርሱ ቁጭ በሉና ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ የጫማችሁን ክር ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርጉ። ያ ክር ከላላ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ አውራ ጣት በየእርምጃው ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል። መሸሃ ስትደርሱ ጥፍሩ ጠቁሯል። አዲስ ጫማ ገዝቶ የጉዞው ቀን የሚጀምር አባል እንደማይኖረን ተስፋ አደርጋለሁ። እንደሚኖርም አውቃለሁ።

ሌላው የማይወራው ነገር ሕመም ነው። አምቢቆ ላይ ሰው ቢታመም ወደ ጨነቅ መመለስ ማለት ብዋሂትን መሻገር ማለት ነው። ከፍታ ያሳመመውን ሰው ወደ ባሰ ከፍታ ልንወስደው ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ከብዋሂት በፊት፣ ጨነቅ ላይ ይሁን። ራሱን የሚያመው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ጨነቅ ላይ ይቆይ፤ ካልተሻለው በመኪና ወደ ደባርቅ ይውረድ። ሲያርፍ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ አቅቶት የሚንገዳገድ ካለ ደግሞ ንጋት አይጠበቅም፣ ወዲያው ወደ ታች ነው። አምቢቆ ከደረስን በኋላ ከሆነ ወደ መሸሃ። መድኃኒት መውሰድ የምትፈልጉ ከመነሳታችን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ከጓደኛ ኪስ የተገኘ ክኒን አይዋጥ። ሕመሙን የሚደብቅ አባል ደግሞ አለ። በእሱ ምክንያት ሌላው ሰው ከጉዞው እንዳይቀር ብሎ ይደብቃል። የተጨመሩት ቀናት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ናቸው፤ «ዛሬ አርፋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ እንዲናገር።

የጫፉ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እንነሳለን። ቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን። መጨረሻው ላይ ድንጋይ በእጅ ጭምር ይወጣል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ከፊታችሁ ያለው ከፍ ያለ ይመስላችኋል፤ «ትክክለኛው ያኛው ነው» የሚል ክርክር እንዳይጀመር ከወዲሁ እማጸናለሁ። መሪው የሚለው ይደመጥ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። የእኔ ምርጫ ጥቅምት ነው። ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ውርጩም እንደ ታኅሣሥ አይከፋም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከግማሽ በላይ አባላት ጾመኛ በሆኑበት ቡድን ሁለት ድስት መጣድ ለምግብ አብሳዩ ፈተና ነው። ጥቅምት ላይ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ማሰብ ይበቃል። ጥምቀትን ጎንደር አክብረን እንውጣ ያላችሁም አላችሁ። ሐሳቡ ያምራል፤ ያን ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ድስት ካነሳሁ አይቀር፣ ግጭና ጨነቅ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይንፈቀፈቃል፣ ምስሩ ግን አይበስልም። ጋዙ ያልቃል፣ ሰው ይራባል፣ ኩርፊያ ይጀመራል። ስለዚህ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። ባቄላ ለመቀቀል የሚያስብ ሰው ቤቱ ይቀቅል።

አሁን አብረውን ስለሚሄዱት ሰዎች። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ጠባቂ አጃቢ፣ ፓርኩ ውስጥ አይገባም። ከዚያ መሪው፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂዎቹ አሉ። የሚመደቡት በደባርቅ በተራ ነው፤ «እከሌን ካልሰጣችሁን» ብለን የሰውን ተራ አናበላሽ። ብዙዎቹ ስካውቶች አባቶቻችን ይሆናሉ፤ «አንቱ» እንበል፣ «ጋሼ» እንበል። ሌሊት ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ እንዳያድሩ አንድ ትርፍ ድንኳንና ብርድ ልብስ በበጀቱ ውስጥ እንዲገባ ጠይቄአለሁ። የቀን አበላቸው ሲሰላም የመመለሻው ቀን አይረሳ። ቀን ስንቀንስ ከእነሱ ኪስም እየቀነስን መሆኑን ማንም አላነሳውም።

በቅሎ ላይ የሚጫነው በሁለት በኩል እኩል መሆን አለበት። ነጂው ሁለቱን ጆንያ በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ይመዝናል፣ ከአንዱ አውጥቶ ወደ ሌላው ይጨምራል፣ ከዚያ ነው በጠፍር የሚያስረው። ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ይዛችሁ ብትመጡ የበቅሎዋን ጎን ይልጣል። ለስላሳ ቦርሳ ይዛችሁ ኑ። ዝርዝር ብርም ያዙ፤ አምቢቆ ላይ ኤቲኤም የለም።

የመንገዱን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። አካባቢው ያለፈበትንና ያለበትን ሁላችንም እናውቃለን። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት «መንገዱ ሰላም ነው፣ መምጣት ትችላላችሁ» የሚል ቃል ሳናገኝ ቲኬት አንቆርጥም። ቃሉ ካልመጣ ጉዞው ይራዘማል እንጂ ወደ አራት ቀን አያጥርም።

ሁለቱ ሐሳቦች ከነወጪያቸው ታትመው ወንበራችሁ ላይ አሉ። ከሻይ በፊት ሒሳብ ሹማችን ሪፖርታቸውን ያቀርባሉ፣ ከሻይ በኋላ ጥያቄ እንቀበላለን፣ ከዚያ እጅ በማውጣት ድምፅ እንሰጣለን። የጸሐፊያችን ጠረጴዛ በሩ አጠገብ ነው፤ መዋጮ ያልከፈላችሁ አባላት እዚያው ከፍላችሁ ድምፅ መስጠት ትችላላችሁ። ጉባዔው በይፋ ተከፍቷል።