ከዋሽንግተን እስከ ደሴ ስንት ሰዓት ነው?

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከባሕር ማዶ መጥታችሁ ዛሬ ደሴ ላይ አብራችሁን የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

ስለ መዋጮውና ስለ ድንኳኑ ዕድሳት ሌሎች ይናገራሉ። እኔ ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ከዋሽንግተን የተነሣ ሰው ደሴ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

እናቴ ባረፈች ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን ነበር። ትኬት የሸጠለት ሰው «በረራው 13 ሰዓት ነው፤ ጠዋት አዲስ አበባ ገብተው ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ ይሳፈራሉ» አለው። እኛም ይህን አምነን ቀብሩን በሚገባበት ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረግነው። በሁለቱ በረራዎች መካከል የነበረው ጊዜ ግን 50 ደቂቃ ብቻ ነበር። የፓስፖርቱ ሰልፍ አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ ወደ አገር ውስጥ መንገደኞች መግቢያ ማለፍና እንደገና መፈተሽ አለ። እሱ ሲደርስ የኮምቦልቻው አውሮፕላን ሄዷል፤ በዚያ ቀንም ሌላ አልነበረም። መኪና ተከራይቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር በኩል ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ አፈር ስናለብስ እሱ ገና ደብረ ሲና ነበር። ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፎ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከኮቱ ኪስ ትኬቱን አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው፤ «13» የምትለዋ ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተከባ ነበር።

ቁጥሯ ሐሰት አልነበረችም፤ ያስቆጣኝም ይኸው ነው! ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር ከ11,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይህ ሁሉ በ13 ሰዓት ግድም ይበረራል። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ግን በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በመኪና ደሴ ድረስ 400 ይጠጋል። ውቅያኖስ የተሻገረ ልጅ እናቱን ሳይቀብር የቀረው በዚህች ቁራሽ መንገድ ነው። የበረራውን ሰዓት ብቻ ነግሮ የመንገደኛውን ሰዓት መደበቅ ምን ዓይነት አገልግሎት ነው? ትኬት የሚሸጥ ሁሉ ከቤት በር እስከ ቤት በር ያለውን ጊዜ የመናገር ግዴታ አለበት!

የምትመለሱትም ልብ በሉ፤ የመልሱ ጉዞ በ13 ሰዓት አያልቅም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ጭኖ መነሣት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ትኬት ላይ የተጻፈውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት እንዲሁ ቀንሶ መቁጠርም ያሳስታል።

ስለዚህ ዕድራችን ከውጭ የሚመጣ ልጅ ያለውን ሐዘንተኛ ቀብር ከመቅጠሩ በፊት፣ የኮምቦልቻው ትኬት መቆረጡንና በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት መኖሩን አንድ አባል መድቦ እንዲያጣራ፣ ይህም በዛሬው ቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።