አምስት ፊልም ብቻ

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ወዳጆች፤

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብጠራ ትፈቅዱልኛላችሁ። የዛሬውን ፊልም፣ «የአልጀርስ ጦርነት»ን፣ የሠራው ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ጂሎ ፖንቴኮርቮ 86 ዓመት ኖሮ በ2006 ሮም ውስጥ ሲያርፍ የተወልን ረጅም ልብ ወለድ ፊልም አምስት ብቻ ነው። ከልቡ ላልወደደው ታሪክ ካሜራ ማንሳት አይሆንለትም ነበር።

በ1919 ፒሳ ውስጥ ከባለጸጋ አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ። ፋሺስቶች በ1938 ያወጡት የዘር ሕግ ወደ ፓሪስ አሰደደው፤ በጦርነቱ ጊዜ ተመልሶ በሰሜን ጣሊያን ከአርበኞች ጋር ታገለ። ከድሉ በኋላ በጋዜጠኝነት ሲሠራ የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የሮሴሊኒን ፊልም «ፓይዛ» አየና ካሜራ ገዛ።

በ1960 የወጣው «ካፖ» ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነው። አንዲት እስረኛ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ራሷን ወርውራ ስትሞት ካሜራው ወደ አስከሬኗ ይጠጋል፣ ምስሉንም ያሳምራል። ፈረንሳዊው የፊልም ሐያሲ ዣክ ሪቬት እንዲህ ያለ ዳይሬክተር ንቀት እንጂ ሌላ አይገባውም ብሎ ጻፈ። ጭካኔ አለበት፤ ግን አልተሳሳተም እላለሁ።

«የአልጀርስ ጦርነት» በ1966 ሲመጣ ያ ካሜራ ሌላ ሆኗል። ፊልሙ አልጄሪያውያን ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነጻ ለመውጣት ያደረጉትን ትግል ያሳያል። የነጻነት ታጋዮቹ አዛዥ የነበረው ያሴፍ ሳዲ ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ ፖንቴኮርቮ ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ መለሰው፤ ከስክሪፕት ጸሐፊው ፍራንኮ ሶሊናስ ጋር እንደ አዲስ ተጻፈ። ዜና ቢመስልም አንዲት ቁራጭ የዜና ፊልም የለበትም። ቦምብ ይዛ ካፌ የገባችውን ወጣት ልብ በሉ፤ ዓይኗ አንድ በአንድ ሊሞቱ ባሉት ሰዎች ላይ ያርፋል፣ አይስክሬም የሚበላ ሕፃንም አለ። በካስባ፣ በአልጀርስ አሮጌው ሰፈር፣ የአልጄሪያውያን አስከሬን ከፍርስራሽ ሲወጣ የሰማነው ሙዚቃ ለፈረንሳውያኑ ሟቾችም ይደገማል። ሙዚቃውን ከኤንዮ ሞሪኮኔ ጋር የሠራው ራሱ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ የፈረንሳይን ግፍ ያሳየ ጣሊያናዊ የግራዚያኒንስ? ከአምስቱ ፊልሞች አንዱም የካቲት 12ን አያነሳም። ሥራውን ሳደንቅ ይህ ቅር ይለኛል።

ፊልሙ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሲሸለም የፈረንሳይ ልዑካን አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ በአገራቸውም ለዓመታት ታገደ። በ2003 ደግሞ፣ የኢራቅ ነገር ሲጠናበት፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ፔንታገን፣ ለመኮንኖቹ አሳየው።

ፖንቴኮርቮ ግን ሁሉንም ነገር ለታጋዮቹ አልሰጠም። ከፊልሙ ንግግሮች በጣም የሚያሳምኑት የፈረንሳዩ ኮሎኔል ማቲዩ ናቸው፤ ቅኝ ግዛትን የሚጠሉ ሁለት ግራ ዘመም ጸሐፊዎች ናቸው የጻፉለት። የሚጫወተው ዣን ማርቲን ከመሪዎቹ ተዋንያን ብቸኛው ባለሙያ ሲሆን፣ በሕይወቱ የአልጄሪያን ጦርነት የተቃወመ መግለጫ ፈርሞ ሥራ ያጣ ሰው ነው። ከፊልሙ በኋላ ውይይታችንን ከኮሎኔሉ ብንጀምር ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።