የተከዜን ሸለቆ ለእንግዳ ስናስረዳ

የተከበራችሁ የጎንደርና የስሜን አስጎብኚዎች፣ የበቅሎ ነጂዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

በበጋ ተከዜን ያየ እንግዳ «ይህች ቀጭን ውሃ ይህን ሁሉ ገደል እንዴት ሸረሸረችው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ያለው ክረምት ላይ ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሣል፤ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ስሜንን በምሥራቅ በኩል እየታከከ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ዳግም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሰቲት እየተባለ ሱዳን ይገባና ከአትባራ ይቀላቀላል። የዓመቱ ውሃ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት በስሌት እስከ 64 እጥፍ ያድጋል። በሚያዝያ ጠጠር የማይነቀንቀው ወንዝ በነሐሴ ቋጥኝ ይነዳል፤ አለቱን የሚፍቀውም ይኸው ድንጋይና አሸዋ ነው። ከላይ የምታሳዩት ጥቁር ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው።

ሙቀቱንም አስረዱ። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ የተከዜ ግድብ ሐይቅ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከውርጭ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ከ20 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይገጥመዋል። እርጥቡን ነፋስ ተራራው ስለሚያስቀረው ሸለቆው ደረቅ ነው። ቁልቁለቱ ያታልላል፤ ዳገቱ የሚመጣው ውሃ ካለቀና ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት የመመለሻውን ውሃ ለዩ።

ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። ወንዙ ሐይቁን ሲነካ ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል። ደጋው ላይ ያልተሠራ እርከን ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ነው።

ከሁሉ አደገኛው ግን ደራሽ ጎርፍ ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ አገር ዘንቦ ሊሆን ይችላል፤ የተራቆተ ገደል ደግሞ ዝናቡን አይዝም፣ ወዲያው ያወርደዋል። ከመሻገር በፊት በውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አኑሩና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ድንጋዩ ከተዋጠ፣ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ካመጣ፣ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ ማንም አይግባ፤ ሻገር ብሎ የቀረ ጓዝ ቢኖር እንኳ ይቅር። አሸዋማው ደልዳላ ሥፍራ ለመኝታ ያጓጓል፤ እሱ ግን የወንዙ መሄጃ ነው። ቀና ብላችሁ ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቶ የደረቀውን ሣርና ግንድ ፈልጉ፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰው እስከዚያ ነው። ድንኳን ከዚያ በላይ ይተከል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድም ሳይጨልም ይታይ።