ሁለት ዓመት ጨምሬ ገባሁ

እሺ እንደምን ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ጅማ ደግሞ እንደምታውቋት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ይቅርታ፣ እስኪያባራ ልጠብቅ ካልኩማ መስከረም ሊጠባ ነው።

በቃ ልናገረው፣ በ2019 ጡረታ ልወጣ ነው። በወረቀት 60 ይሞላኛል ማለት ነው፣ በእናቴ ቆጠራ ግን ገና 58። ነገሩ እንዲህ ነው፣ በ1978 ስቀጠር 17 ዓመቴ ነበር፣ ለመቀጠር ደግሞ 18 መሙላት አለብህ፣ እና 18 ብሎ መጻፍ እየተቻለ እኔ ሆዬ ለጥንቃቄ ብዬ 19 አልኩ። አሁን ላስተካክል ብትል ማን ይሰማሃል፣ የሚጸናው መጀመሪያ ስትቀጠር ፋይሉ ላይ ያሰፈርከው ዕድሜ ነው። ጢም እንኳ ሳላበቅል በእስክሪብቶ የጻፍኳት ቁጥር መጥታ ያዘችኝ።

የሂሳብ አስተማሪ አይደለሁ፣ ማታ ማታ አሰላለሁ። ጡረታው 10 ዓመት ላገለገለ የደሞዙ 30 ፐርሰንት ነው፣ ከዛ በላይ በየዓመቱ 1.25 ይጨመራል፣ ጣሪያው 70። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል አለብህ፣ የኔ 41 ነው፣ 68.75። አያችሁ? 18 ብዬ ብጽፍ ኖሮ እነካው ነበር! ያቺ 1.25 በብር ስትመነዘር ይሄን ያህል አይደለችም እኮ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ለባለቤቴ ስነግራት ምን አለች፣ "ሁለት ዓመት ሰርቀህ ገባህ፣ ይኸው አስመለሱህ።"

ዋናው ብሩ አይደለም ልል ነበር፣ ውሸት ነው፣ ብሩም ነው። የሚታሰበው በመጨረሻው ሶስት ዓመት አማካይ ደሞዝ ነው፣ ስለዚህ ቅርብ ጊዜ የተጨመረልህ ከድሮው ጋር ተደባልቆ ይወርዳል፣ ጤፉ ግን በአማካይ አይሸጥልህም።

ሌላው ደግሞ... አብሮኝ ያስተማረ ጓደኛዬ አለ፣ ስም አልጠራም፣ አምና ነው የወጣው። ጠዋት 1:30 ሲሆን ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይመጣል፣ ግን ግቢ አይገባም፣ በሩ ፊት ለፊት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ እዛ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ስናልፍ "ምዕራፍ ስንት ደረሳችሁ?" ይለናል። መጀመሪያ ሰሞን አብሬው ቁጭ እል ነበር፣ ቡናውንም የምከፍለው እኔ ነበርኩ። አሁን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በኋላ በር ነው የምገባው። ጭቃ ነው፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ይበላሻል፣ ግን በዛ ነው የምገባው። ጠልቼው አይደለም። ያቺን በርጩማ ማየት አልፈልግም፣ ያው አጠገቡ ሌላ ባዶ በርጩማ አለች።

ባለፈው ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ወረቀት እየመለስኩ አንዱ ልጅ፣ ጎበዝ ነው ግን ሲቸኩል የመቀነስ ምልክት ይዘላል፣ "ቲቸር፣ በሚቀጥለው ዓመት አስረኛም እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩን?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። ከዛ ወረቀቱን ተቀብዬ የዘለላትን ምልክት በቀይ ከበብኩለት።